የሒሳብ መምህርቴና የግራ ዓይኔ

ከማሽን የሚወጣ ትኩስ ወረቀት የራሱ የሆነ ሽታ አለው። ቀለሙ ገና ሳይበርድ፣ አፍንጫን ሰንፈጥ የሚያደርግ ሽታ። ውጫሌ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት የእኔ ናት። የፈተና ሰሞን መምህራኑ ፈተናቸውን በፖስታ አሽገው ያመጡና እኔ ሳባዛ አጠገቤ ቆመው ይጠብቃሉ። ሥራ ነው፤ ለምጄዋለሁ። ግን የመጀመሪያውን ክምር ከማሽኑ አንስቼ በሁለት እጄ ስይዘው፣ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይወስደኛል። ለጥቂት ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ሐይቅ ከተማ፣ ሰባተኛ ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ወንበር ላይ።

ይኸውልሽ፣ ያኔ ሸውራራ ነበርኩ።

አሁን ስታይኝ አይመስልሽም፤ አውቃለሁ። የግራ ዓይኔ ወደ አፍንጫዬ ገብታ ነበር የምትቀመጠው። በትንሹም አይደለም፤ ሲደክመኝማ ጥቁሯ እስከ ግማሽ ትደበቅ ነበር። ስወለድ ደህና ነበርኩ ይላሉ፤ መዞር የጀመረችው በሦስት ዓመቴ ገደማ ነው። እናቴ የሰው ዓይን ነው አለች። ጎረቤቶች ደግሞ ‹‹በጨቅላነቷ ወደ አንድ ጎን እያስተኛሻት ነው›› አሏት። አባቴ ሐይቁ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ተቀምጦ መረቡን ሲጠግን እኔ አጠገቡ እሆናለሁ። መርፌውን ላቀብለው ስል እጄ ከእጁ ትንሽ ወዲህ ይቀራል። እሱም ምንም ሳይል እጁን ወደ እጄ ያመጣዋል።

የትምህርት ቤት ልጆች ግን እንደ አባቴ ዝም አይሉም። ሐይቅ ከደሴ ወደ ውጫሌ የሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ስለዚህ ‹‹አንድ ዓይኗ ደሴ፣ አንድ ዓይኗ ውጫሌ›› ይሉኝ ነበር። የፈለሰፈው ከኋላዬ የሚቀመጥ ልጅ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ ቶሎ እንዲያልቅላቸው እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ደግሞም መመኪያ ነበረኝ። በሒሳብ ማንም አይቀድመኝም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ገና ሳይጨረስ መልሱን በሆዴ እይዘዋለሁ። ሰው ፊቴን እያየ ሲያዝንልኝ፣ ‹‹ቆይ ፈተናው ይምጣ›› እል ነበር በልቤ።

ያ ዓመት አገሩ ሁሉ ስለ ለውጥ የሚያወራበት ዓመት ነበር። ሬዲዮው ለውጥ፣ ባጃጁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ለውጥ፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት ሲረክስም ሲወደድም ለውጥ። እኛ ትምህርት ቤት የመጣው ለውጥ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የሒሳብ መምህራችን ተዛወሩና በምትካቸው አንዲት ሴት መጣች። ከአምባሰል ደጋ፣ ከውጫሌ በላይ ካለ ገጠር የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ሠላሳዎቹን የጀመረች። ልጆቹ ሁሉ ‹‹ቲቸር›› ነበር የምንላት፤ እኔም እስከ ዛሬ ሌላ ስም አላወጣሁላትም። የጠመኔ አቧራ ደረቷን ያፍናት ስለነበር ሰሌዳውን የምታጠፋው በእርጥብ ጨርቅ ነው። ስታጠፋ ደግሞ በአፍንጫዋ አንድ የአምባሰል ዜማ ታንጎራጉራለች። ከዚህ ሌላ ለስላሳ ነገር አልነበራትም። ቀልድ አታውቅም። ፈተና ላይማ እንደ ጭልፊት ነበረች።

በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ፈተነችን። ወረቀቱ ትኩስ ነበር፤ ከጽሕፈት ቤት አሁን ተባዝቶ የመጣ። ጎንበስ ብዬ መሥራት ጀመርኩ። አራተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ የወረቀቴ ጫፍ በሌላ እጅ ተያዘ።

‹‹ዓይንሽን ከሰው ወረቀት ላይ አንሺ አላልኩሽም?›› አለችኝ።

‹‹የራሴን ነው የማየው፣ ቲቸር።››

‹‹እኔ እዚህ ቆሜ እያየሁሽ? ሦስት ጊዜ አየሁሽ እኮ!››

‹‹ወላሂ የራሴን ነው!››

ወረቀቴን አጠፈችውና ‹‹ውጪ›› አለች።

ከኋላ ያ ልጅ ‹‹ቲቸር፣ እሷ እኮ ሸውራራ ናት!›› ብሎ ጮኸ። እኔን ለማዳን ብሎ ነው። ግን ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ያን ጊዜ አብሬያቸው መሳቅ አቃተኝ። በዚያ በምተማመንበት ቦታ፣ በሒሳብ ላይ፣ ሌባ ተብዬ ወጣሁ። ቲቸር ፊቴን አየችኝ፤ ፊቷ ደም መሰለ። ግን ‹‹ተመለሺ›› አላለችም። እኔም አልጠበቅኳትም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ደወሉ እስኪደወል አለቀስኩ። የባሕር ዛፉ ቅጠል ሲንሿሿ፣ ከታች ሐይቁ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ፣ ሁሉም ነገር ደህና የሆነ ይመስል ነበር። ይህ ነው በጣም ያናደደኝ።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት አስጠራችኝ። ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ሌላ ፈተና ሰጠችኝ፤ ከበፊቱ የከበደ። እሷ ከበሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ስጨርስ እዚያው አርማ ከአንዱ በቀር ሁሉንም ማግኘቴን አየች። ወረቀቱን አስቀመጠችና ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

‹‹ቀና በይ። እይኝ እስኪ።››

አየኋት።

‹‹አሁን በየትኛው ዓይንሽ ነው የምታይኝ?››

በአሥራ ሦስት ዓመቴ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ‹‹ወዴት ነው የምታይው›› ነው የሚሉኝ። እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ስሸፍን ቲቸር ጭጋግ ሆነች። ግራውን ስሸፍን ጠርታ መጣች።

‹‹በቀኙ ብቻ ነው መሰለኝ›› አልኳት።

ተነሳችና ‹‹ነገ ክፍል እንዳትቀሪ›› ብላ ወጣች።

በነጋታው ትምህርት ከመጀመሯ በፊት ጠመኔውን አስቀምጣ ክፍሉ ፊት ቆመች። ‹‹ልጆች›› አለች፣ ‹‹አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። ሒሳብ ላይ ስህተት ሲሠራ ምን እንደሚደረግ ነግሬያችኋለሁ፤ ይሰረዝና እንደገና ይሠራል።›› ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ በስሜ ጠርታ፣ ‹‹አልኮረጅሽም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ›› አለችኝ። መምህር ለተማሪ እንዲህ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አጠገቤ ያለችው ልጅ በክርኗ ስትጎስመኝ ነው ‹‹እሺ ቲቸር›› ያልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ለዚያች ሴት ገደል ግቢልኝ ብትለኝ እገባላት ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ቤታችን መጣች። አባቴ መረቡን እየጠገነ ነበር፤ እናቴ የሁለት ወር ወንድሜን ታጠባለች። ቲቸር በተሰጣት ዱካ ላይ ተቀምጣ ነገሯን ሳታዞር ተናገረች። ደሴ ሆስፒታል የልጆችን የተጣመመ ዓይን የሚያቀኑ ሐኪሞች ለዘመቻ እንደሚመጡ፣ በነጻ እንደሆነ፣ መመዝገቢያው ሳይዘጋ መሄድ እንዳለብን።

እናቴ ልጁን ከጡቷ ነጥላ ‹‹ቀዶ ጥገና?›› አለች። ‹‹ዓይን እኮ ነው እህቴ! ጥርስ አይደለም።››

‹‹ዓይኗን አይከፍቱትም። ከውጭ ያለውን ጡንቻ ነው የሚያስተካክሉት።››

‹‹ቢሳሳቱስ? አሁን እኮ ታያለች። እያየች ነው ያለችው። ነገ ጨለማ ውስጥ ብትቀር ማንን ልጠይቅ ነው?››

ቲቸር ‹‹እውነትዎን ነው፤ ያስፈራል›› አለች። ‹‹እኔም ሐኪም አይደለሁም። ሄደን እንስማቸው፤ ካላመናችሁበት ይዘናት እንመለሳለን።››

አባቴ በማግስቱ መስጊድ ሄዶ ሲመለስ፣ ጫማውን በር ላይ እያወለቀ፣ ‹‹ሸኹን ጠየቅኳቸው›› አለ። ‹‹ሕክምና መፈለግ ምን ነውር አለው፣ እኛ ዱዓ እናደርጋለን አሉኝ።›› ወደ እናቴ ዞሮም ጨመረበት፦ ‹‹አገሩ እንኳ ሲለወጥ የልጄ ዓይን ቢለወጥ ምን ይገርማል?›› አባቴ በዓመት አንዴ ነበር የሚቀልደው። የዚያ ዓመቷ ይቺ ነበረች።

ከአባቴና ከቲቸር ጋር ደሴ ሄድን፤ ሐኪሙ ወጣት ነበር። አንዱን ዓይኔን በጥቁር ነገር ይሸፍናል፣ ያነሳል፣ ሌላውን ይሸፍናል፤ ትንሽ መብራት ይዞ ‹‹በዓይንሽ ብቻ ተከተይኝ›› ይለኛል። ሲጨርስ ወደ አባቴ ዞሮ ሊያስረዳ ጀመረ፤ ዓይንን ከየአቅጣጫው የሚይዙ ጡንቻዎች አሉ፣ የእሷ የውስጠኛው በርትቶ ይስባል ምናምን። አባቴ ግራ ገብቶት ሲያዳምጥ ቆየና ‹‹እንግዲህ እንደ መረብ ነው›› አለ። ‹‹ግራና ቀኝ ገመድ አለው። አንዱ ገመድ ካጠረ መረቡ ወደዚያ ይጣመማል።››

‹‹በትክክል!›› አለ ሐኪሙ።

‹‹መረቡ ደህና ነው?››

‹‹መረቡ ደህና ነው።››

‹‹ገመዱን ፈትተህ መልሰህ ልታስርልኝ ነው?››

‹‹ትንሽ ወደ ኋላ አድርጌ አስረዋለሁ።››

አባቴ ‹‹እሺ፣ ይሁን›› አለ። እንዲህ ነው የተስማማው።

ግን ሐኪሙ የሚቀር ነገር እንዳለም አልደበቀንም። ዓይኗ ትቀናለች፤ ማየቷ ግን እንደ ቀኙ ላይሆን ይችላል፤ አንጎሏ ግራውን ትቶ በቀኙ ብቻ ማየት ከለመደ ብዙ ዓመቱ ነው አለ። ቲቸር ‹‹መቼ ነበር ማምጣት የነበረብን?›› ስትለው፣ ‹‹መዞር እንደጀመረች። ቢያንስ ትምህርት ቤት ሳትገባ›› አላት። አባቴ አንገቱን ደፋ። ስለዚህ ነው ዛሬ ሱቄ ውስጥ እናት ልጅ አዝላ ገብታ፣ የልጁ ዓይን ወደ አንድ ወገን ስትሄድ ካየሁ፣ ወረቀቷን ሳላባዛ በፊት የምናገረው። አንዳንዷ ትቆጣኛለች። ትቆጣ። የሚያልፍ መስሏት ዓመት ከምትጠብቅ እኔን ብትቆጣኝ ይሻላል።

ለቀዶ ጥገናው ስንነሳ እናቴ ጨቅላውን ይዛ መሄድ አልቻለችም። ሆስፒታል አብራኝ የምታድር ሴት ያስፈልግ ነበር።

‹‹እኔ አድራለሁ›› አለች ቲቸር።

እናቴ ትኩር ብላ አየቻት። ‹‹ልጅ አለሽ?››

‹‹የለኝም።››

‹‹እንግዲያው ልንገርሽ፣ የሰው ልጅ አደራ ከባድ ነው።››

‹‹አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው እኔ የምሄደው›› አለች።

ያን ጠዋት ደሴ በጉም ተሸፍና ነበር። ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ረዥም አረንጓዴ ልብስ አልብሰው በተሽከርካሪ አልጋ ሲወስዱኝ፣ ኮሪደሩ የአልኮልና የታጠበ ሲሚንቶ ሽታ ነበረው፤ የአልጋው አንድ ጎማ ይጮኻል። ቲቸር እጄን ይዛ ከጎኔ ትራመድ ነበር፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ‹‹ከዚህ በኋላ አይቻልም›› አሏት።

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ ‹‹አሥራ ሰባት ሲባዛ በአሥራ ሦስት?›› አለችኝ።

‹‹ምን?››

‹‹መልሱን ስትወጪ ትነግሪኛለሽ። አብሽሪ።››

በሩ ተዘጋ። ነጭ መብራት፣ ጭምብል ያደረጉ ሰዎች፣ የሚያቀዘቅዝ ነገር እጄ ላይ። እኔ ግን አሥራ ሰባትን በአሥር እያባዛሁ ነበር። መቶ ሰባ። ከዚያ በሦስት። ሃምሳ አንድ። ልደምራቸው ስል ጠፋሁ።

ስነቃ አፌ ደርቆ፣ ግማሽ ፊቴ በፋሻ ታስሮ ነበር። ‹‹ሁለት መቶ ሃያ አንድ›› አልኩ። ቲቸር ሳቀች፤ ስትስቅ ማየቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና ከቦርሳዋ ሰማያዊ የሚነፋ መድኃኒት አውጥታ ወደ አፏ ነፋች። አስም ነበረባት። ሐይቅ ከመጣች ጀምሮ በጠመኔ አቧራ ስትታፈን እናውቃት ስለነበር ምንም አልጠየቅኳትም።

ፋሻው በማግስቱ ተፈታ። ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስላል፤ ሲገለጥ ደግሞ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ነው። ሁለት መስኮት፣ ሁለት ነርስ፣ ሁለት ቲቸር።

‹‹ሁለት ሆነሻል›› አልኳት ደንግጬ።

‹‹ለጊዜው ነው፤ ነግረውናል። አንዷን ለትምህርት ቤቱ፣ አንዷን ለእናትሽ እንስጣት›› አለችና ትንሽ መስታወት ሰጠችኝ። የቀዘቀዘ መስታወት ነበር። ዓይኔ እንደ በርበሬ ቀልታለች፤ ቆቧ አብጧል። ግን መሃል ላይ ነበረች። መሃል ላይ! ጭንቅላቴን ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ወደ ግራ አዞርኩ፤ አብራኝ ዞረች።

ቤት ስደርስ እናቴ ከበሩ አልወጣችም። ከውስጥ ሆና ‹‹ነይ እስኪ›› አለችኝ። ገባሁ። በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ሥር አቆመችኝ።

‹‹ማንን ነው የምታይው?››

‹‹አንቺን።››

‹‹በሁለቱም?››

‹‹በሁለቱም።››

‹‹አልሃምዱሊላህ›› አለች፤ ከዚያ ተቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አባቴ አላለቀሰም። መረቡን አንስቶ፣ ሰዓቱ ሳይሆን፣ ወደ ሐይቁ ወረደ። ማምሻው ላይ ክንድ የሚያህል ዓሣ ይዞ በቀጥታ ወደ ቲቸር ቤት ሄደ። ለካ ዐቢይ ጾም ነው።

‹‹ጾም ላይ ነኝ›› አለችው አፍራ።

‹‹እንግዲያው ይህን እኛ እንበላዋለን›› አለ አባቴ። ‹‹የእርስዎን እስከ ፋሲካ ሐይቁ ያስቀምጥልናል።›› በፋሲካ ዕለት ጎህ ሲቀድ ከዚያኛው የሚበልጥ አድርሶላታል።

ሁለት ሁለት የሚታየኝ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ሆነ። ትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ አፉን ከፍቶ፣ ቀልዱን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት፣ መልሶ ዘጋው። ግራ ዓይኔ እስከ ዛሬም እንደ ቀኙ አታይም፤ ሐኪሙ እንዳለው ነው። ግን ሰው ሳናግር ማንን እንደማናግር ይታወቃል። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። ከዚያ በፊት ለሰው ስናገር ግማሹ ሰው ወደ ኋላው ዞሮ ያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት ጥሩ ዓመታት ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቲቸር ቤት ሄጄ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ በስምንተኛ እማር ነበር። እናቴም ‹‹ልጅሽ መጣችልሽ በያት›› እያለች ትልከኛለች። ለክትትል እንድንመለስ ሐኪሙ ቀጠሮ ሰጥቶን ነበር፤ ያ ዓለምን ያዳረሰው በሽታ መጥቶ ሁሉ ነገር ሲዘጋ ተላለፈ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በመጨረሻ ለጥቅምት ተቀጠርን። በዚያ ጥቅምት ግን የመጣው ጦርነቱ ነው።

ከሰሜን የሚሸሸው ሰው አስፋልቱን ሞልቶት ነበር። ፍራሽ የተጫነባቸው ባጃጆች፣ ላም የሚጎትቱ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ወደ ደሴ። የመድፉ ድምፅ ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ይሰማል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። እኛም ጨቅላ የነበረውን ወንድሜን አዝለን፣ በር ዘግተን ወጣን። አስፋልቱ ዳር ቲቸርን አገኘናት። ትንሽ ሻንጣ በትከሻዋ አንግታ በተቃራኒው ነበር የምትሄደው፤ ሰው ሁሉ ከሚመጣበት ወደ ውጫሌ።

አባቴ መንገድ ዘጋባት። ‹‹ወዴት ነው? ሰው ወዲህ ሲሸሽ እርስዎ ወዲያ?››

‹‹እናቴ ብቻዋን ናት። እግሯ አይራመድም።››

‹‹ሌላ ሰው የለም የሚያወጣቸው?››

‹‹ማን አለ? እኔ ነኝ ያለሁት።››

አባቴ ከመንገዱ ዘወር አለላት። እሱም እናት ነበረችው። እናቴ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት፤ ከቋጠሮዋ ቆሎ አውጥታ ሻንጣዋ ውስጥ ጨመረችላት። እኔ እጇን ይዤ አልለቅም አልኩ። ቲቸር በሌላኛው እጇ ጸጉሬን ከግንባሬ ላይ ወደ ኋላ አደረገችው።

‹‹ስሚኝ፣ መንገዱ ሲከፈት ደሴ እንሄዳለን። ቀጠሮ አለብን። እንዳትረሺ።››

‹‹አልረሳም።››

‹‹አብሽሪ›› አለችና ሄደች። ሰው ይገፋታል፣ እሷ ወደ ጎን እያለች ታልፋለች። ነጠላዋ በሕዝቡ መሃል እስኪጠፋ ድረስ በሁለት ዓይኔ አየኋት።

እኛ ደሴን አልፈን፣ ኮምቦልቻን አልፈን፣ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ደረስን። ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር ያሳደሩን፤ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ክፍል። ብርዱን አልነግርሽም። እዚያ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ቅጽ እየሞላሁ፣ የጠፋባቸውን ዘመድ ስም እየጻፍኩ ዋልኩ። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ስም ሲነግረኝ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነበር የምጽፈው። ወረቀትና ሰው አንድ ላይ የሚገናኙበት ሥራ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

መንገዱ ሲከፈት ተመለስን። ቤታችን በሩ የለም፤ መረቡም የለም። ትምህርት ቤቱ ስንሄድ ወንበሮቹ ተማግደው አመዱ ክፍሉ መሃል ነበር። አባቴ ከሁሉ በፊት ደሴ ወሰደኝ። ‹‹ቀጠሮው ያንቺ ብቻ አይደለም›› አለኝ። ያ ሐኪም አልነበረም፤ ሌላ ሐኪም አየኝና ‹‹ቆንጆ ሆኗል፣ ሌላ ቀዶ ጥገና አያስፈልግሽም›› አለኝ። ይህን ለቲቸር ለመናገር ቸኩዬ ነበር።

መሞቷን የሰማነው ከውጫሌ ከመጣ አንድ ነጋዴ ነው። እዚያ ላይ ሆና፣ መንገዱ በተዘጋበት ወራት፣ የሚነፋው መድኃኒቷ አለቀባት። ጤና ጣቢያው ባዶ ነበር። ብርድ መታት፤ ሦስት ቀን ታገለች አለ። ጥይት አልነካትም፤ ማንም ክፉ አልሠራባትም። አንዲት ሰማያዊ መድኃኒት ነበረች የጠፋችው።

ለቅሶ ለመድረስ ከአባቴ ጋር ሄድን። ውጫሌ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ሽቅብ ሁለት ሰዓት በእግር። አባቴ ታች መንደሩ ውስጥ ካሉ ወንዶች ጋር ሲቀመጥ እኔ ወደ ቤቱ ወጣሁ። የቲቸር እናት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በሰፌድ ምስር ይለቅማሉ። ጥቁር ለብሰዋል። ጣታቸው ነበር የሚፈልገው፤ ዓይናቸው እምብዛም አይደለም።

‹‹አላህ ያጽናዎት እማማ›› አልኳቸው።

‹‹አሜን ልጄ። ማን ነሽ?››

‹‹ከሐይቅ ነኝ። ተማሪዋ ነበርኩ።››

እጃቸው ቆመ። ‹‹ዓይኗ የተጣመመችው?››

‹‹አዎ እማማ።››

‹‹ነይ። ነይ ወዲህ ቅረቢ።›› አገጬን ይዘው ወደ ፀሐዩ አዞሩኝ። መዳፋቸው ሻካራ ነበር፤ የጭስና የአፈር ሽታ ነበረው። ግንባራቸው እስኪነካኝ ድረስ ቀረቡ። ‹‹አትንገሪኝ›› አሉ። ቀኙን አዩ። ግራውን አዩ። ወደ ቀኙ ተመለሱ።

‹‹ይቺ ናት›› አሉ በመጨረሻ፣ ቀኙን በጣታቸው እየነኩ።

‹‹ግራው ነው እማማ።››

‹‹አይደለም!››

‹‹ወላሂ፣ ግራው ነው።››

እንደገና አዩ። ከዚያ ሳቁ፤ ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ‹‹እንኳንም አላወቅሁት›› አሉ። ‹‹ስትነግረኝ አላመንኳትም ነበር። ልጄ ሥራዋን ጨርሳለቻ።››

ከዚያ አገጬን ለቀቁና ሰፌዱን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

‹‹በይ፣ ያንቺ ዓይን ይሻላል›› አሉኝ። ‹‹ጠጠሩን ልቀሚልኝ።››

አባቴ ከታች እስኪጠራኝ ድረስ ለቀምኩላቸው።